ሐረጎን በ73 ዓመት መውረድ፦ የአዛውንቶች መንጃ ፈቃድ ዕድሳት ያስነሣው ክርክር

የሹፌር ልጅ (ደሴ)፦
ጥያቄዬ ይህ ነው። ዕድሜው ከሰባ ያለፈ ሰው መንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስ እንደ ማንኛውም ሰው የጤና ምርመራ ወረቀት አቅርቦ ይሂድ ወይስ መሪ ጨብጦ መንገድ ላይ እንደገና ይፈተን? እኔ ይፈተን ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴን ስሙኝና ከዚያ ስደቡኝ።

አባቴ 73 ዓመቱ ነው። ጉልበቱን የጨረሰው መሪ ላይ ነው፤ ኤንትሬ በሚሉት የጭነት መኪና ከነተሳቢው አሰብ ሲመላለስ ኖሯል። አሁን የቀረችው አንዲት አሮጌ ኮሮላ ናት፤ እናቴ «ለእኔ ያላደረገውን ለእሷ ያደርጋል» ትላለች። ባለፈው ወር ለዕድሳቱ የጤና ምርመራ ይዤው ሄድሁ። ሰልፉ ረጅም፣ በሩም ክፍት ነበር። ግድግዳው ላይ እግሮቿን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ቀኝ የምታዞረው ያቺ ፊደል ተሰቅላለች። ከፊታችን የነበሩት ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ጮክ ብለው «ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ» አሉ። የአባቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁና ዳዊት የሚደግም መሰለኝ። ተራው ሲደርስ አንዲት ሳይስት ወረደላቸው። ማኅተሙ ተመታ። ደጅ ወጥተን ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰሌዳ እንዲያነብልኝ ስጠይቀው «መድኃኒት ቤት ነው፤ ምኑን አነባለሁ?» አለኝ።

በሳምንቱ ከኮምቦልቻ ስንመለስ መሸብን። ሐረጎ ዳገት ላይ አንድ ሲኖትራክ ረጅም መብራቱን ሳይቀንስ መጣብን። አባቴ መኪናዋን ቀጥ አድርጎ አቆማት፤ እዚያው አስፋልቱ ላይ፣ ጥግ እንኳ ሳይዝ። ምነው ስለው «መንገዱ ጠፋብኝ» አለ። መንገዱን እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ያውቀዋል።

የአሰብ መንገድ (ኮምቦልቻ)፦
ልጄ፣ አባትሽን ሰላም በይልኝ። በኤንትሬ ዘመን የነዳ ከሆነ ሳንተዋወቅ አንቀርም። እኔ 71 ዓመቴ ነው፤ ወላሂ እስከ ዛሬ ሰው ገጭቼ አላውቅም።

የ1990ው ጦርነት ወደቡን እስኪዘጋው ድረስ ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርገን አሰብ ስንገባ ያየነውን ዛሬ የትኛው ልጅ አየው? የሐረጎን ቁልቁለት በምን ማርሽ እንደሚወረድ ማን ይነግራቸዋል? የእኛ ደንብ አንድ ነበር፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ይህን ሁሉ ከፍታ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ትጥለዋለህ። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው የፍሬን ሸራውን ያግለዋል። መጀመሪያ ይሸትሃል፤ ቀጥሎ ከጎማው ሥር ጭስ ታያለህ፤ ከዚያ በኋላ በሁለት እግርህ ብትቆምበትም አይይዝልህም። እዚያ ቁልቁለት ላይ ጭስ ሲወጣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! መሪው ላይ የተቀመጠው ግን አንድም ቀን ሽማግሌ ሆኖ አላገኘሁትም።

ፈተና ከመጣ ለሃያ ዓመቱም ይምጣ። ሽበት አይቶ ብቻ «አንተ ና» ማለት ስድብ ነው።

ባጃጅ ነጂው (ደሴ)፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው፤ ሁልጊዜ ጥፋቱ የእኛ መሆኑ ግን ሰለቸን። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ የግራ ፍሬቻ አብርተው ቀጥ ብለው የሚነዱትን አባት ከኋላ ሆኜ የምከተለው እኔ ነኝ። ሊታጠፉ ነው ብዬ ብጠብቅ ተሳፋሪ ይሰድበኛል፤ ብቀድም እርስዎ ይሰድቡኛል።

ነርስ (ወልድያ)፦
በዓይን ክፍል ስለምሠራ የማውቀውን ልጨምር። እህቴ የተናገረችው «መንገዱ ጠፋብኝ» የሚለው ቃል በየሳምንቱ ይነገረኛል፤ ሹፌሮች ሁሉ በዚያው ቃል ነው የሚያስረዱት። የስልሳ ዓመት ሰው ዓይን ከሃያ ዓመት ወጣት ዓይን ጋር ሲነጻጸር ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን አንድ ሦስተኛው ያህል ነው። ብሌኑ ጠበብ ይላል፣ ሌንሱም ይደፈርሳል። በዚህ ላይ የዓይን ሞራ ከተጨመረ ከፊት የሚመጣው መብራት ይበተንና ሁሉን ነጭ ያደርገዋል። ያው ሰው በቀን፣ በክፍል ውስጥ፣ ያቺን ፊደል አጥርቶ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ አባትሽ ባያጭበረብርም ኖሮ ሊያልፍ ይችል ነበር።

ከሞራ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግላኮማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ዓይን አያቀላም፤ የጎን እይታን ከዳር እየበላ ይመጣል። ሰውየው ፊት ለፊቱን ጥርት አድርጎ ያያል፤ ከጎን የምትገባው ፍየል ወይም ሕፃን ግን ለእሱ የለችም። የፊደል ሰሌዳ ይህን አይለካም። በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም፤ ሞራ ግን ይገፈፋል። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ይኸው የሚገፈፈው ሞራ መሆኑ ያናድደኛል።

ሌላው ስኳር ነው። መድኃኒት እየወሰደ በረመዳን የሚጾም ሹፌር ወደ ማፍጠሪያው ሲቃረብ ስኳሩ ሊወርድ፣ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ አእምሮው ሊደነዝዝ ይችላል። ይህ በአርባ ዓመትም ይደርሳል። ስለዚህ ጋሼ በአንድ ነገር ትክክል ናቸው፤ ከሽበት በፊት የሚጠየቅ ብዙ ነገር አለ።

የሐይቅ ልጅ (ለንደን)፦
እዚህ ያለውን ላካፍላችሁ። ብሪታኒያ ውስጥ ፈቃድ 70 ዓመት ሲሞላ ይታደሳል፤ ከዚያ በኋላ በየ3 ዓመቱ። ግን ምርመራም ፈተናም የለም፤ ሰውየው ራሱ «ደኅና ነኝ» ብሎ ይሞላል። የዓይን መለኪያው የቆመ መኪና ታርጋ ከ20 ሜትር ላይ ማንበብ ነው፤ ይህንንም ችያለሁ ባዩ እሱ ራሱ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር የያኔዋ ንግሥት የኤልሳቤጥ ባለቤት ልዑል ፊሊፕ በ97 ዓመታቸው እየነዱ ከሌላ መኪና ተጋጭተው የእሳቸው ተገለበጠ። በሳምንታት ውስጥ መንጃ ፈቃዳቸውን በፈቃዳቸው መለሱ። ለልዑል ይቀላል፤ ሌላ ሹፌር ነበራቸው።

ጃፓን ጠበቅ ታደርጋለች። 75 ዓመት የሞላው ሲያሳድስ የማስታወስ ፈተና አለበት፤ ሥዕሎች አሳይተው ቆይተው «ምን ምን አየህ?» ይሉታል፣ ቀኑንና ሰዓቱንም ይጠይቁታል። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ቶኪዮ ውስጥ የ87 ዓመት አዛውንት እናትና ሕፃን ልጇን ገጭተው ገደሉ። እሳቸው መኪናው ነው የተበላሸው አሉ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ፍሬን መስሏቸው ነዳጅ ረግጠዋል አለ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 75 አልፎት የተወሰኑ የትራፊክ ጥፋቶች ያሉበት ሰው መኪና እየነዳ ይፈተናል። ልብ በሉ፤ ዕድሜው ብቻ ለመንዳት ፈተና አልበቃም፣ ጥፋትም ያስፈልጋል።

አሁን ከወገናችሁ ልውጣ። ፊንላንድ አዛውንቶችን በሐኪም ታስመረምር ነበር፤ ስዊድን ደግሞ ምንም አትጠይቅም ነበር። ተመራማሪዎች ሁለቱን ሲያነጻጽሩ በአዛውንት ነጂዎች አደጋ ላይ ምርመራው ያመጣው ልዩነት አልታየም። የፊንላንድ አዛውንቶች ግን በእግራቸው ሲሄዱ በመኪና ተገጭተው የሚሞቱት በዝተው ተገኙ። ቁልፉን የተቀማ ሰው ቤት አይቀመጥም፤ መንገድ ላይ ይወጣል።

ነጋዴዋ (ኩታበር)፦
ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ደግማችሁ አንብቡልኝ። እኛ ሰፈር መኪና ያላቸው አንድ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ጠይቄ አላውቅም፣ እኔ ልጅ ሆኜም ሽማግሌ ነበሩ። ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት የምትሄደው በእሳቸው መኪና ነው። ነዳጁን አዋጥተን እንሰጣለን፤ እሳቸው ደግሞ መንገዱን ሁሉ ማርያምን እየጠሩ፣ አህያ እንኳን እየቀደማቸው ያደርሳሉ። ሕግ አውጥታችሁ ቁልፋቸውን ስትቀበሉ በዚያ ሌሊት የሚመጣውን መኪና አብራችሁ ላኩልን።

ደግሞስ እግረኛ ብታደርጓቸው ደሴ ላይ የት ይሄዳሉ? ቁልቁለቱ ላይ የእግረኛ መንገዱን ሸቀጥ ይዞታል፤ እኔም ከያዙት አንዷ ነበርሁ፣ አልክድም።

ጠበቃ (ደሴ)፦
በዕድሜ ብቻ ፈተና መጣል የሕግ ጥያቄ ያስነሣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። ልዩነት የማይደረግባቸውን ሲዘረዝር ዕድሜን በስም አይጠራም፤ «በሌላ አቋም» የሚለው ግን ሰፊ በር ነው። በሌላ በኩል የ2010ሩን አዋጅ ቁጥር 1074 ስም ተመልከቱ፤ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ነው የሚለው። የሚረጋገጠው ብቃት ነው። «ሸምግሏልና አይችልም» ግምት ነው፤ «አርባ ዓመት ነድቷልና ይችላል»ም ግምት ነው። ሁለቱም ማረጋገጫ አይሆኑም።

እኔ ብጠየቅ ፈቃዱን ከመስጠትና ከመንፈግ መካከል ሌላ መንገድ እከፍት ነበር። ለአንዱ «ቀን ብቻ» ተብሎ ይጻፍለት፤ ለሌላው «አውቶሞቢል እንጂ የሕዝብ ማመላለሻ አይደለም»። ሃምሳ መንገደኛ የሚጭንና ለጁምዓ ሶላት መስጊድ የሚደርስ አዛውንት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ባጃጅ ነጂው (ደሴ)፦
«ቀን ብቻ» የሚለውን በሌሊት ማን ቆሞ ያነበዋል?

ጠበቃ (ደሴ)፦
ጥያቄህ ልክ ነው። አደጋ ሲደርስ ግን ይነበባል፤ መድን ሰጪውም ያነበዋል።

የአሰብ መንገድ (ኮምቦልቻ)፦
ጠበቃው ጥሩ ተናገረ፤ እኔ ግን አልተረታሁም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል ይላል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከሁሉ በላይ የሚገድላቸው ይኸው የመንገድ አደጋ ነው ይላል። የልጅ ልጄ ነው ያነበበልኝ። እንግዲህ ልጆቻችንን እየጨረሱ ያሉት ሰባ ዓመት የሞላቸው ናቸው? በሰዓት መቶ የሚበርረውን ተዉትና በሠላሳ የምንሄደውን ያዙን!

ስለ ዓይንም ለነርሷ ልንገራት፤ የቀኝ ዓይኔን ሞራ አስገፍፌአለሁ፣ አልሐምዱሊላህ እንደ ንስር ነው። የግራው ተራውን እየጠበቀ ነው።

ነርስ (ወልድያ)፦
ጋሼ፣ የግራውን ቀጠሮ እንዳያሳልፉት። በአንድ ዓይን ርቀት መገመት ይከብዳል፤ ቡና ሲቀዱ ከሲኒው ጎን የሚያፈሱት ለዚህ ነው።

የአሰብ መንገድ (ኮምቦልቻ)፦
ይህን ማን ነገረሽ?

የሹፌር ልጅ (ደሴ)፦
የለንደኑን ወንድሜን የታርጋ መለኪያ ትናንት ሞከርሁት። በራችን ፊት የቆመ ሚኒባስ ነበር። ሃያ ሜትር በረጅም እርምጃ ለካሁና አባቴን አቆምሁት። «አማ» ብሎ በኩራት ጀመረ፤ ደሴ ላይ የቆመ ሚኒባስ ሌላ ምን ሊል ነው? ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደ፣ ቆመ፤ ደግሞ ሦስት ጨመረ። እንዲህ እያለ ስምንት ሜትር ያህል ሲቀረው አነበበው። ከዚያ ዞር ብሎ «ታርጋው ቆሽሿል» አለኝ። ቆሽሾም ነበር፤ በመሀረቡ ጠረገውና ወደ ሃያ ሜትሩ ተመለሰ። እኔ ገባሁ፤ ማየት አልፈለግሁም።

ነጋዴዋ እህቴ፣ አንቺ ያልሽው ሌሊቱን እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ መልስ ግን የለኝም። የሰፈርሽ አባት ምጥ የያዛት ሴት ጭነው አስፋልት መሀል መንገዱ ቢጠፋባቸውስ? አሁንም ፈተና ይሁን እላለሁ፤ ግን ክፍል ውስጥ አይሁን፤ ፈታኙ ጎን ተቀምጦ፣ በሰውየው መኪና፣ በሚያውቀው መንገድ። ሽበትን ከመቁጠር ይልቅ በየዕድሳቱ፣ ለሁላችን ቢሆን ይሻላል። በዚህ ለጋሼ እጅ ሰጥቻለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ሳይመልሱልኝ አልፈዋል፤ ሌሊትስ?

የአሰብ መንገድ (ኮምቦልቻ)፦
አየሽ፣ አሁን ሰው ሆንሽ! በመንገድ ከሆነ እስማማለሁ። ፈተናው ሐረጎ ላይ ይሁን፤ ፈታኙ እኔን፣ አባትሽንና ያንን ባጃጅ ነጂ አንድ ላይ ያስወርደን። ፍሬኑ የሸተተ ይውደቅ።

ባጃጅ ነጂው (ደሴ)፦
ባጃጅ ይዤ ሐረጎን? መኪና ያውሱኝና እመጣለሁ።

የሹፌር ልጅ (ደሴ)፦
ለአባቴ አነበብሁለት። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ስለምንሄድ «ሰውየውን ላግኘው፤ ሐረጎን አብረን እንወርዳለን» ብሏል። ማምሻውን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከደሴ ብንነሣስ?

የአሰብ መንገድ (ኮምቦልቻ)፦
እመጣለሁ። ግን ከረፋዱ አራት ሰዓት ይሁን፤ ከመግሪብ በኋላ እኔም አልነዳም።