ትልቅ ካዚኖ መሀል አዲስ አበባን ያድሳል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ካዛንቺስና ፒያሳ እንደ አዲስ እየተሠሩ ነው። አንድ ትልቅ ካዚኖ ከነሆቴሉ ቢገነባ ለአካባቢው ሱቆችና ለሥራ ዕድል ይበጃል ትላላችሁ?

መላሽ 1፦ ወሳኙ ነገር ቁማሩን የሚጫወተው ማን ነው የሚለው ነው። ከውጭ የመጣ እንግዳ ከሆነ አዲስ ገንዘብ ይገባል። የከተማው ነዋሪ ከሆነ ግን ለምግብ ቤትና ለልብስ ሱቅ ይወጣ የነበረው ብር መንገዱን ቀየረ እንጂ አልጨመረም። ሕንፃውም ራሱ ችግር አለው፤ እንግዳው እንዳይወጣ ታስቦ ነው የሚሠራው። ምግቡ፣ አልጋው፣ መኪና ማቆሚያው ሁሉ ውስጥ ነው፤ ለመንገደኛው የሚተርፈው ግድግዳ ነው። የአሜሪካዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ አትላንቲክ ሲቲ የመጀመሪያውን ካዚኖ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ሥራ ተፈጠረ፤ ከባሕሩ ዳርቻ ጥቂት ገባ ሲሉ ግን ባዶ ቦታዎች ቀሩ። ጎረቤት ግዛቶች የራሳቸውን ሲከፍቱ ገበያው ተከፋፈለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ብቻ አራት ካዚኖዎች ተዘጉ።

መላሽ 2፦ ሲንጋፖርንም እንይ እንጂ። እዚያ ካዚኖው ከትልቅ የስብሰባ ማዕከል ጋር ተጣምሮ እ.ኤ.አ. በ2010 ተከፈተ። ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ለአንድ ቀን መግቢያ 100 የሲንጋፖር ዶላር ይከፍሉ ነበር፤ በ2019 ወደ 150 ከፍ አለ።

መላሽ 1፦ ልክ ነዎት፤ ክፍያው የተጣለው ግን ገና ከመከፈቱ በፊት ነው። ከተከፈተ በኋላ ባለሀብቱን ማስገደድ ይከብዳል። ካዛንቺስ ደግሞ የኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) አዳራሽ ስላለ የስብሰባ እንግዳ አያጣም። የሚጎድለው እንግዳው በእግሩ ወጥቶ የሚገዛበት ምድር ቤት ሱቅ ነው፤ ለእሱ ካዚኖ አያስፈልግም።