ለኩበርግ ጥብቅ ስፍራ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ሰብሳቢ፦ ከኬፕታውን በስተ ሰሜን ላለው የኩበርግ ጥብቅ ስፍራ አስተዳደር የምንልከው ረቂቅ ደብዳቤ ደርሷችኋል። በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ቤተሰቦቻችንን ይዘን በእግር እንድንጎበኝ ፈቃድ ይጠይቃል። የሚጨመር የሚቀነስ ካለ ተናገሩ።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ታኅሣሥ እዚህ በጋ ነው፤ አሸዋው እግር ይፈጃል። ደግሞም ጉብኝት ብቻ አይሁን። 3,000 ሄክታር ገደማ የሚሆነውን ያንን ቦታ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር ያስቸግረዋል። እኔ አፋር ነው ያደግሁት፤ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ የግጦሽ ሣሩን ሲያጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛፉ ካደገ ተቆርጦ ጉቶው መድኃኒት ይቀባል፤ ችግኙን ግን በእጃችን መንቀል እንችላለን። አንድ ክረምት ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ስነቅል፣ ከጉልበቴ የማይደርስ ችግኝ ክንዴን የሚያህል ሥር ይዞ ወጣ። አሸዋው ደረቅ ቢሆን ኖሮ ተበጥሶ እንደገና ያቆጠቁጥ ነበር።

ነባር አባል፦ እኅቴ፣ እደግፋለሁ። ሆኖም ልጆቻችን የሜዳ አህያ ብቻ አይተው አይመለሱ። በአፍሪካ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ብቸኛው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ እዚያው ቆሟል፤ ሥራ የጀመረው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ግዙፍ የማቀዝቀዣ ማማ የሌለው በአትላንቲክ ውኃ ስለሚቀዘቅዝ እንደሆነ ከባለሙያ አፍ ይስሙ። የአንደኛው የኑክሌር ማብላያ የሥራ ፈቃድ በ2024 እ.ኤ.አ. ለ20 ዓመት ተራዝሟል፤ አብረውት የሚኖሩት ልጆቻችን ናቸው።

የአትላንቲስ አባል፦ አትላንቲስ ከተማ ያለው የእኔ ሱቅ ማመንጫውን በከበበው የ16 ኪሎ ሜትር የአደጋ ዝግጁነት ክልል ውስጥ ነው። የአደጋ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲሞከር፣ ከአገር ቤት የመጣ ሳምንት ያልሞላው ረዳቴ ሚዛኑን ጥሎ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። ቤት ገብቶ ሬዲዮ መክፈት እንዳለበት አስቀድሜ አልነገርሁትም፤ እስካሁን ይቆጨኛል። የአደጋ ጊዜ መመሪያው በአማርኛ ይተርጎም።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ቀኑ ፍልሰታ እንደተፈታ ያለው ቅዳሜ ይሁን፤ አሸዋው እንደራሰ ነው፣ አበባውም ይጀምራል። ጠዋት ነቀላ፣ ከሰዓት በኋላ ስለ ማመንጫው ገለጻ። የመመሪያው ጉዳይ ግን ለከተማው አስተዳደር በሌላ ደብዳቤ ይሂድ፤ በዚህኛው ውስጥ ከሸጎጥነው ማንም አያየውም።

የአትላንቲስ አባል፦ ተስማምቻለሁ፤ ግን ሁለቱም በአንድ ቀን ይላኩ። ትርጉሙን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።

ጸሐፊ፦ ጓንት እኛው እንደምንይዝ የሚገልጽ አንድ መስመር ጨምሬ ረቂቁን ነገ እመልሳለሁ።