ዋስ የሆነ ሰው ደሞዙ ይቆረጥ?

ባለደሞዙ፦ ትናንት ቆጣቢው «እያወቀ ነው የፈረመው፣ ይቆረጥበት» ብሎ ጽፎ ሄደ። ተበዳሪው ስልኩን አጥፍቶ ተሰውሯል፣ እኔ ባልበላሁት ብር በየወሩ ደሞዜ ይቆረጣል። የደሞዝ ወረቀቴ ላይ «የፍርድ ቤት ዕዳ» የሚል መስመር ተጨምሮልኛል። ቢሮው ሁሉ አይቶታል። ይሄ ፍትሕ ነው?

ቆጣቢው፦ እያወቅክ ነዋ! አበዳሪው ብሩን የሰጠው በማን ደሞዝ ተማምኖ ይመስልሃል? አበዳሪው የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ነው፣ እዚያ ያስቀመጥነው እኮ የላባችን ብር ነው።

አንቀጽ፦ «እያወቀ» ከማለታችሁ በፊት ውሉ ይታይ። ተራ ዋስ ከሆነ መጀመሪያ የተበዳሪው ንብረት ይፈለግ ማለት ይችላል። «በአንድነትና በነጠላ» የምትል ቃል ካለችበት ግን አበዳሪው ቀጥታ ዋሱ ጋ ይመጣል። ደግሞ የዋስትናው ጣሪያ በቁጥር ካልተጻፈ ዋስትናው ፈራሽ ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922።

ባለደሞዙ፦ ይሄን ማን ነገረኝ? «ፎርማሊቲ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርም» ነው የተባልኩት።

ቆጣቢው፦ አቤት! ባለዲግሪው በፎርማሊቲ ተሸወደ።

እናትዓለም፦ ስድቡ ምን ይሠራል? ተበዳሪውን ማሳደድ ስለሚያደክም እኮ ነው። ደሞዝ የትም አይሸሽም፣ ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤቱ መጻፍ ነው፣ አለቀ።

ቆጣቢው፦ እና እኛ መርማሪ እንቅጠር?

አንቀጽ፦ ባለደሞዙ፣ ስንት ይቆረጥብሃል?

ባለደሞዙ፦ ከድርጅቱ ብድር ጋር ተደምሮ ግማሹ ይሄዳል።

አንቀጽ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 ተደማምሮ ከወር ደሞዝህ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ለአሠሪህ በጽሑፍ አመልክት። ለተበዳሪው የከፈልክለትንም ከራሱ የመጠየቅ መብት አለህ።

ባለደሞዙ፦ ከየት አግኝቼው!

ቆጣቢው፦ ሲሶ ሲሶ እየተቆረጠ መቼ ሊያልቅ ነው? ወለዱንስ ማን ይሸፍን? አንቀጽ የምትጠቅሱት ለዋስ ብቻ ነው።

እናትዓለም፦ ቆይ፣ አንተ የማኅበሩ ኮሚቴ አይደለህም? ብድሩን ያጸደቃችሁት እናንተ፣ የሰውየውን ገቢ ያላጣራችሁት እናንተ።

ቆጣቢው፦ ኮሚቴ ብሆንስ? ዋስ የሚጠየቀው ለምን ይመስልሻል?

እናትዓለም፦ እናንተ እንድትተኙ ነዋ!

ቆጣቢው፦ እሺ እህቴ፣ ለሚቀጥለው ተበዳሪ አንቺ ፈርሚለት።

ባለደሞዙ፦ አንቀጽ፣ ውሉን ፎቶ አንስቼ በውስጥ ልላክልህ?

አንቀጽ፦ ላክ፣ የመጨረሻውን ገጽ እንዳትረሳ።

ቆጣቢው፦ ለምን በውስጥ? እዚሁ ለጥፈው፣ ፊርማህን ሁላችንም እንየው።