ለፋሲካ 24 ሰው የሚያሳድር የሐይቅ ዳር የድሮ ቤት፣ ዊንደርሚር አካባቢ፦ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ምን እንጠይቅ?

እንኮይ (ሊድስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለ2019 ፋሲካ (ሚያዝያ 24፣ በፈረንጆቹ ሜይ 2 ቀን 2027) ከለንደን፣ ከበርሚንግሃምና ከሊድስ ተሰባስበን ሌክ ዲስትሪክት (ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያለው የሐይቆች አካባቢ) ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት ልንከራይ ነው። 24 ነን፤ 7ቱ ልጆች፣ ሁለቱ ደረጃ መውጣት የማይችሉ አዛውንት። ያየነው ቤት ከዊንደርሚር ሐይቅ በስተምዕራብ ያለ፣ በቅርስነት የተመዘገበ የቪክቶሪያ ዘመን ቤት ነው። ማስታወቂያው «24 ያስተኛል» ይላል። ዶሮ ወጡን እዚያው ሠርተን፣ ቡናውንም ቆልተን፣ ምጣድም ይዘን ለመሄድ አስበናል። ምን ምን ብንጠይቅ ይሻላል?

የሐይቅ ዳር

«24 ያስተኛል» የሚለው ቁጥር ብዙም አይነግራችሁም። የወለል ፕላን እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ከ24ቱ ስንቱ እውነተኛ አልጋ ነው? ስንቱ ሳሎን ውስጥ የሚዘረጋ ሶፋ፣ ስንቱ የልጆች ተደራራቢ አልጋ ነው? ምድር ላይ መኝታ ቤትና ገላ መታጠቢያ አብረው አሉ? ባቡር በ1847 ዊንደርሚር ከደረሰ በኋላ የማንቸስተር ሀብታሞች የሠሯቸው ቤቶች መኝታቸው ፎቅ ላይ ነው። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ደግሞ ያለ ፈቃድ አይነካም፤ ስለዚህ ሊፍት አትጠብቁ። መስኮቱም ብዙ ጊዜ ባለ አንድ መስታወት ስለሆነ በሜይ መጀመሪያ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ማሞቂያው በሰዓት የሚሠራ ከሆነ ሌሊት የሚበራ መሆኑን ጠይቁ።

ቀጥሎ ሙቅ ውሃ። የታንኩን መጠን በሊትር ጠይቁ። 300 ሊትር በ60 ዲግሪ ነው እንበል። አንድ ሰው 7 ደቂቃ ሻወር ሲወስድ (በደቂቃ 9 ሊትር) ከ63 ሊትሩ 38 ያህሉ ከታንኩ ይወጣል፤ የቀረው የሚቀላቀልበት ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ስለዚህ ስምንተኛው ሰው ላይ ያልቃል። ባለ ገንዳ መታጠቢያ ከተጠቀማችሁ ከዚያም በፊት። እሑድ ጠዋት 24 ሰው እንዳይሰለፍ ግማሹ ቅዳሜ ማታ ይታጠብ።

ቀኑን በተመለከተ፦ ሜይ 3 ሰኞ ባንክ ሆሊዴይ (ሥራ የሚዘጋበት በዓል) ስለሆነ ተፈላጊ ነው፤ ቶሎ ያዙ። የፈረንጆቹ ፋሲካ ግን ማርች 28 ያልፋል፤ ስለዚህ የኛ ስቅለት ዓርብ እዚያ ተራ የሥራና የትምህርት ቀን ነው። መግቢያው ብዙ ጊዜ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ መውጫው ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ዓርብ ገብቶ ሰኞ 4 ሰዓት መውጣት ማለት በፋሲካ ማግስት ከንጋት ጀምሮ ጽዳት ማለት ነው። እስከ ማክሰኞ የሚሸጡላችሁ ከሆነ ጨምራችሁ ክፈሉ፣ ያዋጣል።

ባለ ድስት

ምጣዱን ተዉት። የእንግሊዝ ሶኬት 13 አምፒር ነው፤ በ230 ቮልት ወደ 3,000 ዋት መሆኑ ነው። ከአገር ቤት የሚመጡት ብዙዎቹ ምጣዶች ከ3,500 ዋት በላይ ይስባሉ። ፊውዙ ካልበጠሰ ሶኬቱ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ የድሮ ቤት ሽቦ ላይ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። ኤክስቴንሽን ምንም አይጨምርም፣ እሱም 13 ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው ምጣድ በ110 ቮልት የሚሠራ ነው፣ እሱም አይሆንም።

እንጀራውን ሐሙስ ጋግራችሁ ያዙ። ለአምስት ማዕድ፣ በአማካይ ለሰው አንድ ተኩል ብታስቡ 180 ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ እስከ እሑድ ይሻግታል። እነዚህ ቤቶች በሰሜን በኩል ቀዝቃዛ ጓዳ አላቸው፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እዚያ አስቀምጡት።

ምድጃው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ኢንዳክሽን ከሆነ የአሉሚኒየም ድስትና ጀበና አይሠሩበትም። ለጀበናው 1,500 ዋት የሆነች ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያዙ፣ ካስፈቀዳችሁ በኋላ። አጋ የሚባለው ከባድ የብረት ምድጃ ከሆነ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው፦ ሙቀቱን አጠራቅሞ ይይዛል፣ ክዳኑ ለረጅም ሰዓት ከተከፈተ ግን ይበርዳል። ለሁለት ዶሮ (24 ብልት) 4 ኪሎ ያህል ሽንኩርት ያስፈልጋል። ያን ሁሉ ላዩ ላይ እስከ መጨረሻው አቁላላለሁ ካላችሁ መሐል ላይ እሳቱ ይከዳችኋል። ውሃው እስኪመጥ ላዩ ላይ አቁላሉት፣ በርበሬውን ጨምሩ፣ ከዚያ ድስቱን ከድናችሁ ዝቅተኛ ሙቀት ባለው የታችኛው ምድጃ አሳድሩት። እንደውም ከከሰል ይልቅ የሚያምር ቁሌት ይወጣዋል። በየመሐሉ ግን አንድ ሰው አውጥቶ ያማስል፣ ታቹ እንዳይዝ።

ጭሱ! ትልልቅ የኪራይ ቤቶች የእሳት ደወላቸው እርስ በርስ የተያያዘ ነው። ሳሎን ውስጥ ዕጣን ካጨሳችሁ ሌሊት ቤቱ በሙሉ ይጮሃል። ኩሽና ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚሰቀለው ጭስን ሳይሆን ሙቀትን የሚያይ ነው፤ እንዲያም ቢሆን ጠይቁ። ቡናውን ኩሽና በር ዘግታችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ቁሉ፤ ዕጣኑን በረንዳ ላይ። የጭስ ጠቋሚውን በፌስታል የሚሸፍኑ አሉ፤ ልጆች ፎቅ ተኝተው ይህን ማድረግ እብደት ነው።

ቅቤና ዘይት ሲንክ ውስጥ አታፍስሱ። ከከተማ የራቁት ቤቶች ፍሳሻቸው ወደ ግቢው ጉድጓድ ነው የሚሄደው፤ ቅቤው ረጅሙና ቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ይረጋል፣ የሕፃናት መጥረጊያ ሲጨመርበት ይደፈናል። ጠረጴዛው እምነ በረድ ከሆነም ፕላስቲክ አንጥፉ። የእርድና የበርበሬ እድፍ ከመያዣችሁ ላይ ነው የሚቆረጠው።

ሹፌሩ

አንድ ሚኒባስ ተከራይተን እንሄዳለን እንዳትሉ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1997 ወዲህ የመኪና ፈተና ያለፈ ሰው በተራ መንጃ ፈቃዱ ከሹፌሩ ሌላ 8 ወንበር ያለውን ብቻ ነው ተከራይቶ የሚነዳው። ለ16 ሰዉ ሚኒባስ ዲ-1 የሚባለው ምድብ ያስፈልጋል። ባለ 9 ወንበር ሦስት ብትይዙ ይበቃችኋል፤ ምዕራቡ ዳርቻ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ትልቅ አውቶቡስ ያስቸግራል።

ዋናው ነገር፦ ጂፒኤሱ ሐይቁ ምሥራቅ ዳር ካለችው ከቦውነስ ከተማ በጀልባ ሊያሻግራችሁ ይችላል። ጀልባው መኪና ይጭናል፤ ግን ሌሊት አይሠራም፣ ንፋስ ሲበረታም ይቆማል። ቅዳሜ ሌሊት ለቅዳሴ የሚወጣ ካለ በሐይቁ ሰሜን ጫፍ ባለችው በአምብልሳይድ ዞሮ መመለስ ግድ ነው። እዚያ ባሉት ትንንሽ ከተሞች የኛ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ማንቸስተር ወደ 130 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ጾመኛ፣ ሌሊቱን ሲሰግድ ያደረ ሰው በጨለማ በዚያ መንገድ ባይነዳ ይመረጣል። ቅዳሴው ካስፈለጋችሁ በየከተማችሁ አስቀድሳችሁ እሑድ ረፋድ ላይ ተገናኙ። በባቡር የሚመጣ ከለንደን ዩስተን ጣቢያ ተነሥቶ ኦክሰንሆልም ጣቢያ ወርዶ የዊንደርሚርን ባቡር ይያዝ።

እንኮይ (ሊድስ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ምጣዱ ቀርቷል። ሁለት ነገር ቀረኝ። እሑድ ለምሳ ብቻ የሚመጡ ስድስት ሰዎች አሉ፣ ችግር ያመጣል? በግስ ግቢው ውስጥ ማረድ ይቻላል?

የሐይቅ ዳር

በጉ አይሆንም። በተከራያችሁት ግቢ ማረድ በሕግ ክልክል ነው። ከአካባቢው ሥጋ ቤት ከሁለት ሳምንት በፊት እዘዙ፤ የአካባቢው ዝርያ ኸርድዊክ ይባላል፣ ለጥብስ ግሩም ነው። ቅልጥሙንና ጎድኑን እንዴት እንዲቆርጥላችሁ በስልክ አስረዱት፤ ካልነገራችሁት ለሮስት አድርጎ ነው የሚያዘጋጀው።

ስድስቱን እንግዶች አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስፈቅዱ። የቤቱ የእሳት ደኅንነትም ኢንሹራንሱም በተፈቀደው ቁጥር የተሰላ ነው፤ አንዳንዱ ሕፃናትንም ይቆጥራል። «ቤት ለእንግዳ» ብላችሁ 30 ሰው ብታስገቡና የቤቱ ጠባቂ ቢያይ ውሉን ሊያፈርስባችሁ ይችላል። ሙዚቃ ውጭ ስንት ሰዓት እንደሚቆምም በዚያው ጠይቁ። ሐይቅ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፣ ጎረቤት ይደውላል።

ያልጠየቃችሁትን ልጨምር። ከሣር ሜዳው እስከ ውሃው አጥር ላይኖር ይችላል። አንዳንድ የድሮ ግቢ ደግሞ ሜዳው መሐል ከላይ የማይታይ፣ በአንድ በኩል በግንብ የተያዘ ቦይ አለው፤ ከብት እንዳያልፍ የተሠራ ነው፣ የሚሮጥ ልጅ ግን ይወድቅበታል። ውሃው በሜይ መጀመሪያ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፀሐይ ስለወጣ ሞቋል ማለት አይደለም፤ ድንገት የገባበት ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ዋና የሚችለውም ጭምር። ለ7ቱ ልጆች በኪሏቸው ልክ የሆነ የሕይወት ጃኬት ቤቱ እንዳለው ጠይቁ፣ ከሌለው ተከራዩ። በየሰዓቱ የሚቀያየር አንድ ጠባቂ በስም መድቡ፤ «ሁላችንም እናያቸዋለን» ከተባለ ማንም አያይም።

ሹፌሩ

ስድስት እንግዳ ማለት ሁለት መኪና ነው። ማቆሚያ ስንት ይይዛል የሚለውን እዚያው ኢሜይል ውስጥ ጨምሩት። መንገድ ዳር ካቆማችሁ የእሳት አደጋ መኪና አያሳልፍም።