ስለ አረንጓዴ ግብይት የሚያስተምረው የኦንላይን ጨዋታ በትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ላይ አልከፈት አለ

ጠያቂ፦ የአይሲቲ ክፍል፣ ደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። ለ7ኛ ክፍል የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አንድ የኦንላይን ጨዋታ ማስጀመር ፈልገን ነበር። ተማሪው የተወሰነ ገንዘብ ይዞ ሱቅ ይገባል፤ ማሸጊያውን፣ የመጣበትን አገርና የሚፈጀውን ኤሌክትሪክ እያየ ዕቃ ይመርጣል፤ መጨረሻ ላይ ነጥብ ይሰጠዋል።

ኮምፒውተሮቹ 18 ናቸው። 17ቱ ዊንዶውስ 7፣ 32 ቢት፣ 2 ጊጋ ራም፤ አንዱ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 ነው። ኢንተርኔቱ የስልክ ሆትስፖት ነው። ገሚሶቹ ገጹን ጭራሽ አይከፍቱም፤ «ግንኙነትዎ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ይላሉ። የቀሩት ገጹን ይከፍታሉ፤ ጨዋታው ሊታይበት በሚገባው ቦታ ግን ግራጫ ሳጥን ብቻ ነው የሚወጣው። አዘጋጆቹ ለትምህርት ቤቶች በነፃ እንዲወርድ የፈቀዱትን ፎልደር አውርደናል፦ 6 ሜጋ የሚሆን ኤስደብሊውኤፍ ፋይል (ጨዋታው ራሱ)፣ አንድ ኤችቲኤምኤል ገጽና የጨዋታውን ጽሑፍና መረጃ የያዙ በርከት ያሉ ኤክስኤምኤል ፋይሎች አሉበት። ኤችቲኤምኤሉን ደብል ክሊክ ስናደርገውም ያው ግራጫ ነው። የምታውቁ እባካችሁ አግዙን።

መልስ 1፦ ከፍኖተ ሰላም

መምህር፣ ሁለቱ ችግሮች አይገናኙም፤ ለየብቻ ይያዟቸው።

«ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» በሚሉት ላይ መጀመሪያ ቀኑን ይዩ። በእኛ አካባቢ ኮምፒውተሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት የተለመደ ነው። ማሽኑ 2018 ነኝ ካለ፣ የድረ ገጹ ሰርተፊኬት (ማንነቱን የሚያረጋግጠው ዲጂታል ሰነድ) ገና ከዓመታት በኋላ የሚጀምር ይመስለዋል፤ ስለዚህ አይቀበለውም። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ያስተካክሉ፤ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ ላይ ያድርጉት፤ ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ ሲደመር 3። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ቀኑ ተመልሶ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። የኃይል ገመዱን ነቅለው፣ ጽሑፍ ያለበትን ፊቷን ወደ ላይ አድርገው ይቀይሯት፤ ከዚያ ቀኑን ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ የሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ውስጥ ገብተው ይሙሉ።

ቀኑ ትክክል ሆኖም ካስቸገረ ብሮውዘሩ አርጅቷል ማለት ነው። ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻው ክሮም 109 ነው። እኔ የምመርጠው ግን ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአርን (ድጋፉ ለረጅም ጊዜ የሚቆየውን ዓይነት) ነው፤ የራሱን የሰርተፊኬት ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ የአሮጌ ዊንዶውስ ጉድለት አይነካውም። ባለ 32 ቢቱን ያውርዱ።

የግራጫው ሳጥን ምክንያት ደግሞ ፍላሽ ነው፤ ጨዋታው የተሠራው በዚህ የድሮ የአዶቢ ቴክኖሎጂ ነው፣ ኤስደብሊውኤፍ ፋይልም የፍላሽ ፋይል ነው። አዶቢ ፍላሽን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አቁሞታል፤ ከጥር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ማጫወቻው ራሱ ፋይሎችን እንዳይከፍት ተደርጓል። «ፍላሽ እዚህ አውርዱ» ከሚሉ ገጾች ምንም አይጫኑ፤ አብሮት ቫይረስ ይገባል፣ 18ቱንም ማሽን በአንድ ፍላሽ ዲስክ ያዳርሳል።

መፍትሔው ራፍል ነው፤ ነፃ ነው፣ የፍላሽ ፋይልን ያለ ፍላሽ ያጫውታል። ከራፍል ድረ ገጽ ላይ በራስ ሰርቨር ለሚያስቀምጡ የተዘጋጀውን ዚፕ ያውርዱ፤ የጨዋታው ኤችቲኤምኤል ያለበት ፎልደር ውስጥ ይፍቱት። ኤችቲኤምኤሉን በኖትፓድ ከፍተው፣ ሄድ ከሚባለው ክፍል ውስጥ ራፍል ጄኤስን የሚጠራ አንድ የስክሪፕት መስመር ያስገቡና ሴቭ ያድርጉ። ሌላ የሚነካ የለም፤ ራፍል ገጹ ላይ ያለውን የፍላሽ ቦታ ራሱ ፈልጎ ይይዘዋል።

መልስ 2፦ ከቡሬ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን በዚያ ብቻ ደብል ክሊክ ካደረጉት አሁንም አይሠራም። ብሮውዘር ከሃርድ ዲስክ በቀጥታ የተከፈተ ገጽ ሌሎች ፋይሎችን እንዲያነብ አይፈቅድም። ራፍልም ዌብአሴምብሊ የሚባለውን የራሱን የፕሮግራም ፋይል፣ ጨዋታውም ኤክስኤምኤሎቹን ማንበብ አለባቸው። ስለዚህ ፎልደሩ በሰርቨር በኩል መቅረብ አለበት። ሰርቨር ሲባል ፋይሎችን ለሌሎች ማሽኖች የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው እንጂ ሌላ ማሽን መግዛት አይደለም፤ ላፕቶፑ ይበቃል፣ መብራት ቢጠፋም በባትሪው ይቆያል።

ላፕቶፑ ላይ ፓይተን የሚባለውን ነፃ የፕሮግራም ቋንቋ ይጫኑ፤ ሰርቨሩ በውስጡ አለ፤ ሲጭኑ «ወደ ፓዝ ጨምር» የሚለውን ሳጥን ምልክት ማድረግ አይርሱ። (ዊንዶውስ 7 ላይ የሚጭን ካለ ከ3.8 በላይ ያለው አይቀበለውም።) የጨዋታውን ፎልደር ይክፈቱ፤ የአድራሻው መስመር ላይ ሲኤምዲ ብለው ኢንተር ይጫኑ፤ ጥቁሩ መስኮት ይመጣል። እዚያ ላይ፦ ፓይተን፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ኤም፣ ክፍት ቦታ፣ ኤችቲቲፒ ነጥብ ሰርቨር፣ ክፍት ቦታ፣ 8000። ሁሉም በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ «ኤችቲቲፒ ነጥብ ሰርቨር» ሳይለያይ። ፋየርዎሉ ሲጠይቅ የግል ኔትወርክ የሚለውን ይፍቀዱ። ይህን የዘለለ ሰው ነው «ላፕቶፑ ላይ ይሠራል፣ ሌሎቹ ላይ አይሠራም» የሚለው።

ላፕቶፑን ቋሚ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) ይስጡት፣ ለምሳሌ 192.168.1.10። ሌሎቹ ማሽኖች ብሮውዘራቸው ላይ ይህንኑ ቁጥር፣ ሁለት ነጥብ፣ 8000 ብለው ይገባሉ። አይፒው ቋሚ ይሁን የምልበት ሌላም ምክንያት አለ፦ ራፍል የተማሪውን ነጥብ ብሮውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጠው በአድራሻው ስም ነው። አይፒው ሳምንት ቆይቶ ወደ 192.168.1.14 ቢቀየር፣ ልጆቹ ያጠራቀሙት ሁሉ የጠፋ ይመስላል።

የመጫኛው መስመር ሞልቶ ጨዋታው ወደ ፊት አልሄድ ካለ፣ መልሱ ጥቁሩ መስኮት ላይ ነው። ኮምፒውተሮቹ የጠየቁት ፋይል ሁሉ እዚያ በመስመር በመስመር ይጻፋል። 200 ወይም 304 ካለ ፋይሉ ደርሷል፤ 404 ካለ ከጎኑ ስሙ የተጻፈው ፋይል ፎልደሩ ውስጥ የለም። ብዙ ጊዜ ኤክስኤምኤሎቹ አንድ ንዑስ ፎልደር ውስጥ መሆን ሲገባቸው ሲገለበጡ ውጪ ቀርተው ነው። መስመሩ የሚያሳየውን መንገድ ተከትለው ይመልሷቸው።

404 ሳይኖርም ቆሞ ከቀረ ጨዋታው ነጥብ ለመመዝገብ የአዘጋጆቹን ሰርቨር እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ኤፍ12 ተጭነው የኔትወርክ ገጹን ይዩ፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ቀይ መስመር ያገኛሉ። እንዲህ ከሆነ «ሳልመዘገብ ልጫወት» የሚል ቁልፍ ካለ እሱን መጠቀም ነው።

ሌላም ልብ ይበሉ፦ የእርስዎ ፋይል ኤስደብሊውኤፍ መሆኑ ዕድል ነው። መጨረሻው ዲሲአር ወይም ዩኒቲ3ዲ የሆነ ቢሆን ራፍል አይነካውም፤ ቴክኖሎጂያቸው ሌላ ነው። ከኤስደብሊውኤፍም መካከል በአክሽንስክሪፕት 3፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2006 በመጣው የፍላሽ የፕሮግራም ቋንቋ የተሠሩት አንዳንድ ቦታ ሊሰናከሉ ይችላሉ። ከክበቡ ቀን በፊት አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወተው።

መልስ 3፦ ከሞጣ

ስለ ኔትወርኩ ልጨምር። ሆትስፖቱን ይተዉት፤ ብዙ ስልክ ከ8 ወይም ከ10 በላይ ማሽን አይቀበልም። ደግሞም 18 ማሽን እያንዳንዱ 6 ሜጋ ሲያወርድ 108 ሜጋ ነው፤ ከካርድ ለምን ይወጣል? ኢንተርኔት የሌለው ተራ ራውተር ወይም ስዊች ይበቃል። ኬብል ካለ በኬብል ያድርጉት፤ በዋይፋይ ከሆነ አምስት አምስቱን እያሰለፉ ያስከፍቱ።

2 ጊጋ ራም ላይ ጨዋታው ከተንቀራፈፈ በራይት ክሊክ ጥራቱን ዝቅተኛ ያድርጉ፤ ሌሎች ታቦችን ይዝጉ። አንዱ ማሽን ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከዘገየ የግራፊክስ ድራይቨሩ አልተጫነ ይሆናል፤ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት እንዳለ ይዩ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማይከፍቱት ሁሉ ቀናቸው 2018 ላይ ነበር፤ ተስተካከለ። ጨዋታውም ከላፕቶፑ ላይ ተነሥቶ በሁሉም ይሠራል፤ 404 የሚሉ ሁለት ኤክስኤምኤሎች ነበሩ፣ ቦታቸው ተመለሱ። አንድ ነገር ቀረ፦ ጽሑፉን ወደ አማርኛ ለመመለስ ኤክስኤምኤሉ ውስጥ ብንጽፍ ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይወጣል።

መልስ 2፦ ከቡሬ

መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ «ሴቭ አዝ» ብለው ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 ያድርጉት። የጥያቄ ምልክት ወይም የተዘበራረቀ ፊደል ከነበረ በዚህ ይስተካከላል። ሳጥን ሆኖ ከቀጠለ ግን ችግሩ ኤክስኤምኤሉ አይደለም። ጨዋታው የራሱን ፎንት በሆዱ ይዟል፤ እዚያ ውስጥ የላቲን ፊደላት ብቻ ናቸው ያሉት። ዋናው ፕሮጀክት ፋይል ከሌለ ያንን መቀየር በጣም ከባድ ስለሆነ ጊዜዎን አያጥፉ። የእንግሊዝኛውን ቃል ከነትርጉሙ በአንድ ገጽ አትመው ለየማሽኑ ያስቀምጡ።

መልስ 4፦ ከቢቸና፣ የአካባቢ ሳይንስ መምህርት

ያንን ገጽ ስታዘጋጁ ስለ ይዘቱም ጥቂት ጻፉበት፤ ጨዋታው የተሠራው ለአውሮፓ ሱቅ ነው፤ ጊዜውም አልፎበታል። ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ላይ የኤሌክትሪክ ደረጃው «ኤ ሦስት ፕላስ» እያለ ያሳያል። አውሮፓ ያንን ትቶ እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ ከኤ እስከ ጂ ብቻ ወዳለው መለኪያ ተመልሷል። ልጆቹ አዲስ ዕቃ ላይ ሲ ወይም ዲ ቢያዩ መጥፎ ነው ብለው እንዳይደመድሙ ይነገራቸው።

ፌስታል የሚመረጥበት ደረጃ ላይ ሲደርሱ ጨዋታውን አቁማችሁ ተወያዩበት። በአገራችን በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ለንግድ ማምረትና ማስገባት ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ከዚያ አልፎ ፌስታሉን ራሱን ይከለክላል። ልጆቹ ይህን ይዘው ቅዳሜ ገበያ ከእናቶቻቸው ጋር ዘንቢል ይዘው ሲወጡ የሚያዩት ከስክሪኑ ይበልጣል።

ጨዋታው ጠርሙስ መመለስን እንደ አዲስ ነገር ያስተምራል። እኛ ጋ የለስላሳ ባዶ ጠርሙስ ሳይመልሱ ሌላ መውሰድ እንደማይቻል ማንኛውም ልጅ ያውቃል፤ ቁራሌውም በየሰፈሩ አለ። «ይህ ነጥብ የሚያሰጠው ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ በደንብ ይመልሳሉ። የወቅት ምግብን በተመለከተም እንጆሪውን ትታችሁ በእሸት በቆሎ ጠይቁ፤ በነሐሴና በመስከረም ከጓሮ የሚመጣውን ከሩቅ ተጭኖ ከሚመጣው ጋር እንዲያወዳድሩ።