የድሮ መኪና በር ለስፒከር ይበሳ ወይስ አይበሳ?

ጠያቂ፦ ወገኖች፣ ፍረዱኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራች ሚኒ፣ ትንሿ የእንግሊዝ መኪና፣ አለችኝ። ሁሉ ነገሯ የፋብሪካው ነው። ሙዚቃ አምሮኛል። አንዱ ወዳጄ «በሩን ብሳና ስፒከር ግጠም» ይላል። ሌላው «ላሜራውን እንዳትነካ» ብሎ ይቆጣኛል።

ይበሳ ባይ፦ ብሳው። መኪና የሚነዳ ነገር ነው። ድምፅ ከፊት ሲመጣ ነው ዘፋኙ ፊትህ የቆመ የሚመስለው። ከኋላ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጥከው ዘፈኑ ማጅራትህን ነው የሚመታህ። ፀሐይ ደግሞ የስፒከሩን ወረቀት ታደርቀዋለች።

አይበሳ ባይ፦ ወንድሜ፣ ስለ ፊቱ ልክ ነህ። ግን የእሷን በር አይተኸዋል? የመጀመሪያዎቹ ሚኒዎች መስኮታቸው ወደ ጎን የሚንሸራተት ነው። መስታወቱ ወደ በሩ ስለማይወርድ ውስጡን ባዶ ትተው ትልቅ ኪስ አደረጉት። ላሜራው አንድ ብቻ ነው። ከበሳኸው የምትበሳው የውጭውን ገላ ነው! የተቆረጠ ላሜራ ደግሞ ዝገት ይጀምረዋል፤ እንደ ድሮው የሚመልሰው የለም።

ጠያቂ፦ እውነትህን ነው፣ መስኮቷ የሚንሸራተት ነው። እንዲህ አላሰብኩትም ነበር።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦ እናንተ በቀዳዳ ትከራከራላችሁ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ሬዲዮው ነው። በዚያ ዘመን ሚኒ የባትሪው ፖዘቲቭ ነው ከቦዲው ጋር የሚታሰረው። የዛሬ ሬዲዮ ተቃራኒውን ይጠብቃል። ሳታጣራ ብትገጥመው ይቃጠላል። ኤሌክትሪክ የምታመነጨውም በዲናሞ ነው፤ ቢበዛ 22 አምፔር። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ያንንም አይሰጥም። በማታ መብራት አብርተህ ትልቅ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ከጨመርክባት ባትሪህ ያልቃል።

ስለዚህ ዋት አታሳድ። ኃይሉን እጥፍ ብታደርገው የምታገኘው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው። በ1 ዋት 91 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር፣ 88 ከሚሰጠው በግማሽ ኃይል እኩል ይጮሃል። ስትገዛ መጀመሪያ ይህችን ቁጥር ፈልግ። ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ለአንድ አፍታ የሚችለው ነው፤ አትመነው።

ይበሳ ባይ፦ እሺ፣ የበሩን ነገር ተቀበልኩ። ታዲያ የት ያስቀምጠው? ሣጥን የሌለው ስፒከር ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) የለውም። ከፊቱ የሚወጣው ድምፅ ከኋላው ከሚወጣው ጋር ይጠፋፋል። ኪሱ ውስጥ ዝም ብሎ መጣል አይሆንም።

አይበሳ ባይ፦ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው። 10 ሴንቲሜትር ስፒከር የሚይዙ ሁለት ትናንሽ የጣውላ ሣጥኖች ሥራ፤ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ አድርጋቸው። ትንሽ ወደ ላይ ቀና ብለው ወደ መሃል ይዩ። ከሥራቸው ላስቲክ አንጥፍ፤ ካልሆነ ላሜራው አብሮ ይንቀጠቀጣል። ደግሞ በደንብ እሰራቸው፣ ፍሬን ስትይዝ ጉልበትህ ላይ እንዳይመጡ። መኪናዋን የምትሸጥ ቀን አንስተህ ትሄዳለህ።

ይበሳ ባይ፦ በ10 ሴንቲሜትር ቤዝ? አይሆንም።

አይበሳ ባይ፦ በዚያች መኪና ውስጥ በፍጥነት ስትሄድ የጎማውና የሞተሩ ጉርምርምታ ቤዙን ይሸፍነዋል። የዘፋኙ ድምፅ ጥርት ካለልህ ይበቃል። ቤዝ ካልቀረልህ ከኋላ ወንበር ሥር ትንሽ ሣጥን ጨምር። ወፍራም ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ ብዙም አይለይም።

ጠያቂ፦ መደርደሪያውን አሁን ለካሁት፣ ሣጥኖቹ ይገባሉ። በካርቶን ሞዴል ሠርቼ እሞክራለሁ። የባትሪውን ጫፍም አየሁ፤ ቦዲው ላይ የታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ሬዲዮ ሳልገዛ ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ።

ይበሳ ባይ፦ የኋላው ሣጥን ሲገባ ደግሞ ንገረን። እኔ ገና አላመንኩም።