አጭር የማርሽ ዘንግ ከተገጠመ በኋላ 5ኛና ኋላ ማርሽ አልገባም አለ

ሰላም፣ ካምቢዮ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። መኪናው ባለ 5 ማርሽ ማኑዋል ነው፤ በሁለት ኬብል ይሠራል፤ ኋላ ማርሹ ከ5ኛ ሥር ነው። የፋብሪካው ዘንግ (በእጅ የሚያዘው ማርሽ መቀየሪያ) ወጥቶ አጭር ተገጠመ። ከ1 እስከ 4 ያለችግር ይገባል፣ 5ኛና ኋላ ግን እምቢ አሉ።

ሞተር ጠፍቶም ያው ስለሆነ ፍሪሲዮን አይመስለኝም። ኬብሎቹን ነቅዬ ካምቢዮው ላይ ያለውን ማንሻ በእጄ ሳንቀሳቅስ 5ቱም፣ ኋላውም ገቡ። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ግራና ቀኝ የሚወስደው ኬብል ላይ ነው። ዘንጉ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት ቦታ) ላይ ሲለቀቅ በ3 እና 4 መስመር ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው 1 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ቀኝ ያጋድላል። ወደ 5ኛ ሲገፋም የመቀየሪያው ቤት ጠርዝ ላይ ቀድሞ ይመታና ማንሻው 5 ሚሊሜትር ሲቀረው ይቆማል። የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው የፕላስቲክ ቡሽ አዲስ ነው፣ አይላወስም።

ችግሩ ኬብሉ ማስተካከያ የለውም፤ ጫፉ ድፍን ነው። የኬብሉን መያዣ በቀጭን ሮንዴላ ማራቅ ይሻላል ወይስ ማጠፊያው (የዘንጉን የግራና ቀኝ እንቅስቃሴ ወደ ኬብሉ የሚያስተላልፈው ክፍል) ላይ ያለውን፣ የኬብሉ ጫፍ የሚገባበትን የኳስ ፒን ቦታ መቀየር? በየት አቅጣጫ፣ በስንት ሚሊሜትር ልጀምር?